ከነስሙ የታተመው ደብዳቤ

ሮዚና ኬስል ማንበብ የተማረችው ከቤታቸው ግድግዳ ላይ ነው። ቤቱ አሜሪካ፣ ኖርዝ ዳኮታ ሜዳ ላይ፣ ከነሣር ሥሩ ተቆርጦ በወጣ አፈር የተሠራ ነበርና ግድግዳው ሌት ተቀን አፈር ያራግፋል። እናቷ አፈሩ ሾርባ ውስጥ እንዳይገባ ያገኘችውን ጋዜጣ ሁሉ በዱቄት ሙጫ ትለጥፍበታለች። እናቲቱ ፊደል አልቆጠረችምና ግማሹን የለጠፈችው ዘቅዝቃ ነበር። ልጅቱም አልጋዋ ላይ ተጋድማ ቀጥ ያለውንም የተዘቀዘቀውንም እኩል ማንበብ ለመደች።

ይህ ነገር ኋላ እንጀራዋ ሆነ። ኤርላው በምትባለው የባቡር ጣቢያ ከተማ «የሜዳው መልእክተኛ» የሚባል የጀርመንኛ ጋዜጣ ነበር፤ ባለቤቱም አዘጋጁም ራይንሆልድ ናግል የሚባል ቀጭን፣ ሆደ ባሻ ሰው ነው። ናግል የብረት ፊደል እየለቀመ ለማተሚያ የሚደረድር ፊደል ለቃሚ ፈለገ። የእርሳስ ፊደል ሲደረደር የሚነበበው ተዘቅዝቆ ነውና የመጡት ወንዶች ሁሉ አንገታቸውን እያጣመሙ ተቸገሩ። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ሮዚና ገባችና የተደረደረውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች አነበነበችለት። ናግል ባርኔጣውን አውልቆ እዚያው ቀጠራት። ሴት ልጅ ማተሚያ ቤት ገባች ብለው ያሟት ሰዎች ሳምንት ሳይሞላቸው ደብዳቤያችንን አሳምረሽ ልቀሚልን እያሉ ቅቤ ያመላልሱላት ጀመር።

የእኛ ሰው ታሪክ እንዲህ ነው። ቅድመ አያቶቻችን ከጀርመን አገር ተነሥተው ጥቁር ባሕር ዳር፣ የሩሲያ ንጉሥ በሰጣቸው መሬት ላይ ሰፈሩ። ልጆቻችሁን ለጦር አልወስድም ተብለው ነበር፤ የኋለኛው ንጉሥ ቃሉን አጠፈና ወሰደ። ያኔ ግማሹ ጓዙን ጠቅልሎ ዳኮታ ገባ፤ ግማሹ እዚያው ቀረ። ዳኮታ ዛፍ የለም፤ ማገዶው ኩበት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ሩሲያውያን ይሉናል፤ ከራሷ ከጀርመን የመጡት ደግሞ አነጋገራችንን ሰምተው በባርኔጣቸው ሥር ይስቃሉ። ማንም የኔ ያላለው ሕዝብ ጋዜጣውን የኔ አለው።

በእኛ ዘንድ ደብዳቤ ለአንድ ሰው አይጻፍም ነበር። ቴምብር ውድ ነው፤ ዘመድ ደግሞ ብዙ። ሰው ለጋዜጣው ይጽፋል፣ ጋዜጣው ያትመዋል፣ ዳኮታ ያለውም ጥቁር ባሕር ዳር ያለውም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመ ጮክ ብሎ ያስነብባል። ማን እንደ ወለደ፣ ማን አሳማ እንዳረደ፣ ማን ከፈረስ እንደ ወደቀ ሁሉ እዚያ አለ። «የአክስቴ ልጅ ያኮብ በሕይወት አለ ወይስ ቀለሙ በረዶ ሆነበት? እሱ ከሰነፈ ሚስቱ ትጻፍ፤ እሷ ድሮም አፏ አይደክማትም» ብሎ የጻፈ ሰው አለ። ሚስትየዋ ከባሕር ማዶ ሆና የመለሰችለትን ኤርላው እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አንድ ነገር ግን አይቀርም ነበር፤ ስም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የመንደር ስም፣ ቤቱ ያለበት ረድፍ ጭምር። አንድ መንደር ውስጥ ስድስት ሰባት ኮንራድ ስላለ ይህ ካልተጻፈ ማን እንደ ሞተ አይታወቅም። ከዚያም በላይ የክብር ጉዳይ ነበር። ስሙን ያልጻፈ ሰው ቃሉን ለመካድ ያሰበ ነው ተብሎ ይታማል፤ ደብዳቤውንም ማንም አያስነብበውም።

ሮዚና እዚያ የቀረ አንድ ወንድም ነበራት፤ ስሙ ኮንራድ። ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ሲነሣ የመርከቡ ሐኪም የአሥር ዓመቱን ልጅ ዓይን ገልብጦ አየና ታማሚ ነው ብሎ መለሰው። አባትየው ትኬቱን ገዝቷል፣ መሬቱን ሸጧል፤ ልጁን ከአያቱ ጋር ወደ መንደራቸው ወደ ሊንደናው ሰደደና በሚቀጥለው ዓመት እናስመጣሃለን አለው። የሚቀጥለው ዓመት አልመጣም። ኮንራድ አደገ፣ ዶሮቴያ የምትባል የጎረቤት ልጅ አገባ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ለጋዜጣው ይጽፍ ጀመር። «እኔ ኮንራድ ኬስል፣ የማርቲን ልጅ፣ ሊንደናው፣ ላይኛው ረድፍ» ብሎ ይጀምራል። እህቱ ይህን መሥመር ለሠላሳ ዓመት በጣቷ ስትለቅመው ኖረች። ወንድሟን የምታውቀው በዚህ ነው፤ ሌላ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

አላገባችም። አንዲት ላምና ሁለት ክፍል ቤት ነበራት፤ ጣቶቿ ከእርሳሱ የተነሣ ሁልጊዜ ግራጫ ናቸው። የመጀመሪያው ታላቅ ጦርነት ሲመጣ መንግሥት ጀርመንኛውን ሁሉ እየተረጎማችሁ አምጡ አለ፤ ጎረምሶች የማተሚያ ቤቱን መስኮት ሰባበሩ፤ ናግል ሁለት ጊዜ ሊዘጋው ተነሥቶ ሁለቱንም ጊዜ ሮዚና አልወጣም ብላ ከፊደል ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። ጋዜጣው ከዚያ ተረፈ። ሰውን ያጠፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ከጥቁር ባሕር የሚመጣው ደብዳቤ መልኩ ተለወጠ። ሠርግና አሳማ ቀረ። ሞስኮ ያሉት አዲሶቹ ገዢዎች የገበሬውን እህል ከነዘሩ እየወሰዱ ነበር። ናግል ብልህ ነውና ጸሐፊው እንዳይያዝ ስሙን መደበቅ ጀመረ፤ «ከአንድ መንደር፣ አንድ ወንድም እንዲህ ይላል» እያለ ያትማል። አንባቢው ግን አኮረፈ። ዳኮታም ያኔ ድርቅና አቧራ የበላት አገር ነበረች፤ ሰው ከልጁ አፍ ነጥቆ የሚሰጠውን ለማን እንደሚሰጥ ማወቅ ፈለገ። በዚያ ላይ አንድ አጭበርባሪ ስም የሌለው ደብዳቤ ጽፎ የሁለት ቤተ ክርስቲያን መዋጮ ይዞ ጠፍቶ ነበር።

በሠላሳ ሦስት የካቲት ውስጥ ለሮዚና ደብዳቤ መጣ። ለጋዜጣው አይደለም፤ በራሷ ስም፣ በቤቷ አድራሻ። ኮንራድ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ስሙን እንኳ ከታች በአጭሩ ነበር የጻፈው። «እህቴ ሮዚና፣ ድመቶቹም አልቀዋል። ትንሹን ልጄን ሐሙስ ቀበርኩት፤ ሣጥን የለም፣ በከረጢት ነው። ልጄ ኦቲሊያ ገና በእግሯ ትቆማለች። ከቻልሽ ቶሎ አድርጊ» ይላል። ሮዚና ያላትን ገንዘብ ሁሉ ቆጠረች፤ ለአንድ ወር ዱቄት አይበቃም። እዚያ አገር በውጭ ገንዘብ ብቻ እህል የሚሸጥ የመንግሥት ሱቅ ነበር፤ ዶላር የደረሰው ይተርፋል፣ ያልደረሰው አይተርፍም።

ደብዳቤውን ይዛ ወደ ባልታዛር ኦፕ ሄደች። ባልታዛር የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌና የእህል መጋዘን ባለቤት ነው፤ ልቡ ጥሩ፣ አንገቱ ደንዳና። አነበበው፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፣ ኪሱ ውስጥ ያለውንም አውጥቶ ሰጣት።

«የኔ ብቻውን ምን ይሆናል?» አላት። «ሰዉ ማዋጣት አለበት። ሰዉ ደግሞ 'አንድ ወንድም' መባል ሰልችቶታል፣ ሮዚና። ማን ነኝ፣ የማን ልጅ ነኝ ይበልና እንደ ጥንቱ ጋዜጣ ላይ ይውጣ። የማርቲን ኬስል ልጅ መሆኑን ሲያዩ ማን ይጨክናል?»

«ናግል ስም አላወጣም ይላል።»

«ናግል ፈሪ ነው። ጋዜጣውን እዚያ ካገዱት ስንት ዓመት ሆነው! ማን ሊያነበው ነው?»

ይህን የማይል ሰው ኤርላው ውስጥ አልነበረም፤ ሁላችንም እንል ነበር። ያገደው ሰው ራሱ እንደሚያነበው፣ ያውም ከኛ አብልጦ፣ መርምሮ እንደሚያነበው ለማናችንም አልታየንም። ከገበሬ ተወልደን ሰው ማለት ጎረቤት ይመስለን ነበር።

ናግል በዚያው ሳምንት ወረቀት ሊገዛ ወደ ቢስማርክ ሄደ። ለሮዚና የተወላት ትእዛዝ ግልጽ ነበር፤ ደብዳቤው ይውጣ፣ ስሙ አይውጣ። እሷ ከሳጥኑ ፊት ቆመች። ስሙን ካላስገባች ኦቲሊያ መቆሟን ታቆማለች፤ የምታስበው ይህን ብቻ ነበር። ጣቶቿም ሠላሳ ዓመት የለመዱትን መሥመር ለቀሙት። ኮንራድ ኬስል፣ የማርቲን ልጅ፣ ሊንደናው፣ ላይኛው ረድፍ።

ባልታዛር እንዳለውም ሆነ። ሰዉ አለቀሰ፣ ሰዉ ሰጠ። ዕንቁላል ሸጦ የሰጠ አለ፤ የሠርግ ቀለበቷን ያመጣች ባልቴት አለች። ገንዘቡ ተላከ፤ በግንቦት ከኮንራድ አጭር ወረቀት መጣ፤ ዱቄት ገዛሁ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ኦቲሊያ ትሮጣለች ይላል። ናግል እንኳ ስሙን በማስገባቷ ለወር ካኮረፋት በኋላ ተወው። ሮዚና በዕድሜዋ እንደዚያ ያለ ደስታ አልነበራትም። ገበያ ስትወጣ ሰው መንገድ ይለቅላት ነበር።

በመከር ጊዜ ለአዘጋጁ የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰ። ጽሑፉ የዶሮቴያ ነው። «ሊንደናው ውስጥ ረሃብ የለም። ባለቤቴ ለማንም ደብዳቤ አልጻፈም። በስሙ የታተመው የጠላት ሥራ ነው። ሮዚና ኬስል የምትባለውን አናውቃትም፤ ዘመዳችን አይደለችም። ይህ ሳይቀነስ እንዲታተም እንጠይቃለን። ዶሮቴያ ኬስል፣ ሊንደናው፣ ላይኛው ረድፍ።»

ናግል ሁለት ጊዜ አነበበውና ወደ ምድጃው አመራ። ሮዚና እጁን ያዘችው።

«ልቀቂኝ» አላት። «አስገድደው ያስጻፏት ነው። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል።»

«ኮንራድ ለምን አልጻፈውም፣ አቶ ናግል? ለምን እሷ ጻፈችው?»

ናግል ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። ሁለቱም ገብቷቸዋል። ኮንራድ በገዢዎቹ እጅ ነው።

«ካልታተመ እምቢ አሉ ይሉና ይገድሉታል» አለች። «ይታተማል። ከሥሩ ደግሞ የኔ ይገባል።»

«የአንቺ ምን?»

ነገረችው። ናግል ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። እንዲህ ካደረግሽ እዚህ ከተማ ውስጥ መኖር አትችዪም አላት። ለባልታዛር ብቻ ሹክ እንበለው ሲልም አልተቀበለችውም፤ ለባልታዛር የተነገረ ለሚስቱ ይነገራል፣ ለሚስቱ የተነገረ በሚቀጥለው ሳምንት ለባሕር ማዶ እህቷ ይጻፋል፣ ደብዳቤውን ደግሞ የሚከፍተው የታወቀ ነው። እዚያ እንዲያምኑት እዚህ ያሉት ሁሉ ማመን አለባቸው። ናግል ሊያግዳት ይችል ነበር፤ አላገዳትም። ወጥቶ ውጭ ቆመ።

እንዲህ ብላ ለቀመችው። «እኔ ሮዚና ኬስል፣ የማርቲን ልጅ፣ ኤርላው፣ በመጋቢት የታተመውን የወንድሜን ደብዳቤ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ወንድሜ አያውቅም። አልተራበም፤ ገንዘብም አልጠየቀኝም። አንባቢዎችን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ጋዜጣው በወጣ ማግስት ባልታዛር ማተሚያ ቤቱ መጣ። ሽማግሌው ባርኔጣውን አላወለቀም።

«የእጅ ጽሑፉን አሳይተሽኛል» አላት። «አልቅሻለሁ፣ ሮዚና። አንቺ ፊት አልቅሻለሁ።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ሕፃኑን በከረጢት ቀበርኩት የሚለውንም?»

«እሱንም እኔ ነኝ።»

ባልታዛር ሊተፋ አፉን ሞላና ወለሉን አይቶ ተወው። ከወጣ በኋላ ሮዚና ወደ ፊደል ሳጥኑ ተመልሳ መልቀሟን ቀጠለች።

ከዚያ የሆነውን መናገር ያሳፍራል፤ የምናፍርበት ግን እኛ ነን። ላሟን ሸጣ የመዋጮውን ገንዘብ መለሰች፤ ተቀበልናት። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ በዚያ አግዳሚ ላይ ያሉ ሴቶች ይነሡ ነበር። ቅቤ የሚያመላልሱላት የነበሩት በሯ ላይ ሲያልፉ ልጆቻቸውን በእጃቸው ይጎትታሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ አልነበረም። ከሌላ መንደር የመጣ ደብዳቤ ሁሉ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሮዚና ደብዳቤ ይባል ጀመር፤ ማንም ለማንም ማዋጣት ተወ። ቀለበቷን የሰጠችው ባልቴት እናቷ ጥቁር ባሕር ዳር ነበረች። በክረምቱ ደብዳቤ ይዛ ቤት ለቤት ዞረች፤ ሰዉ በሩን ገርበብ አድርጎ ይሰማትና ይዘጋል። በመጨረሻ የሮዚናን በር አንኳኳች።

«እናቴን የገደልሽው አንቺ ነሽ» አለቻት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ሮዚና መልስ ልትሰጣት አፏን ከፍታ ነበር። ያቺን ሌሊት ጣሪያው ላይ እንዳፈጠጠች ነጋ፤ ወንድሜን ለማትረፍ ስንት ሰው ሸጥኩ እያለች። ግን ኮንራድ በሕይወት ሊኖር ይችላል። አንድ ሰው ቢሰማ አለቀ። ስለዚህ ዝም አለች፤ በማግሥቱም ዝም፣ በሚቀጥለው ዓመትም ዝም።

ናግል ሞተ። ጋዜጣው በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ ተዘጋ፤ ልጆቹ ጀርመንኛ አያነቡም፣ አያቶቹ መቃብር ገብተዋል። ፊደሉን አንድ ቁርጥራጭ ብረት የሚሰበስብ ሰው በሚዛን ገዝቶ ወሰደው። ሮዚና የሰው ልብስ እያጠበች ኖረች። የምትጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ቀን ከሊንደናው አንድ ሰው ይመጣል፣ ረሃቡ እውነት ነበር፣ ደብዳቤውም እውነት ነበር ይላል፣ ባልታዛርም ባርኔጣውን አውልቆ ደጇ ይቆማል። ይህን በልቧ ስንት ጊዜ እንዳየችው እሷ ታውቃለች።

ሰውም መጣ። በሃምሳ አንድ ከጀርመን የስደተኞች ሰፈር ቤተ ክርስቲያኑ ካስመጣቸው ሰዎች መካከል አንዲት ቀይ፣ አጥንተ ቀጭን ሴት ነበረች፤ ኦቲሊያ ኬስል። ሮዚና ባቡር ጣቢያው ድረስ አልሄደችም፤ ከሰው ጋር መቆም ስለማትችል ቤቷ ሆና ድንች ላጠች፣ የአያቷን ዓይነት ሾርባ ሠራች። ኦቲሊያ ቀትር ላይ ብቻዋን መጣች። ተቀመጠች፤ ሾርባውን አልነካችም። አክስቴ አላለቻትም።

ሮዚና ወንድሟን ጠየቀች። ኦቲሊያ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አድርጋ ነገረቻት። በዚያው ዓመት ሰኔ የመንግሥት ሰዎች መጡ፤ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ስሙን በጣት አሳዩት። ከዚያ ወሰዱት። እናቷን በመከር ጠርተው ይህን ከጻፍሽ ባልሽ ይለቀቃል አሏት፤ ጻፈች። እሱ ግን ያን ጊዜ ከሞተ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር።

«የኔስ?» አለች ሮዚና። «ከሥሩ የጻፍኩት አልደረሰም?»

«ደርሷል። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፈውት ነበር። በየጠዋቱ ያስነብቡኝ ነበር።»

ሮዚና እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ኦቲሊያ ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት።

«አባቴ ማታ ማታ ስለ እርስዎ ይነግረን ነበር። ያን ደብዳቤ የጻፈው ለእርስዎ ነው። ለጋዜጣ ቢሆን ለጋዜጣ መጻፍ ያውቅ ነበር።»

ኦቲሊያ ክፉ ልጅ አልነበረችም። ለመውጣት ስትነሣ በሩ ላይ ቆመች።

«መንገድ ላይ ሰዎቹ ስለ እርስዎ የሚሉትን ሰማሁ» አለች። «ውሸታም ነች፣ ደብዳቤውን ራሷ ፈጥራው ነው ይላሉ። እውነቱን ልንገራቸው? እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንድናገር ጠይቀውኛል።»

አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቀችው ይህ ነበር። ሮዚና ግራጫው ያልለቀቀውን ጣቷን አየችና አንገቷን ነቀነቀች።

«ተይው ልጄ» አለች። «እውነት መሆኑን ካወቁ ስሙን አስገብቶ ማን እንዳስገደለው ይጠይቃሉ። ውሸታም እንደተባልኩ ልሙት።»

እሑድ ዕለት ኦቲሊያ ስለ መንገዱና ስለ ስደተኞቹ ሰፈር ተናገረች፤ ስለ አክስቷ ምንም አላለችም። ባልታዛር ኦፕ ከፊት ተቀምጦ ነበር፤ አርጅቷል፣ ጆሮውም ደክሟል። ሲወጣ እጇን ጨብጦ፣ አባትሽ ደግ ሰው ነበር፣ እህቱ ግን ስሙን አጎደፈችው አላት።